«ኦሊቨር ትዊስት»ን ለትምህርት ማንበብ፦ በአንድ ልጅ ላይ የተቆረጠውን ዋጋ መከተል

የቻርልስ ዲከንስን «ኦሊቨር ትዊስት» ለትምህርት የሚያነቡ ሰዎች ችግር የሚጀምረው ገና መጽሐፉን ሲመርጡ ነው። በአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እጅ በብዛት የሚገኘው ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ተብሎ ያጠረው ቀጭን ቅጂ ነው። ያ ቅጂ ታሪኩን ይነግራል፤ የተራኪውን ድምፅ ግን ቆርጦ አውጥቶታል። ሙሉው መጽሐፍ 53 ምዕራፎች አሉት። እጃችሁ ላይ ያለው ከዚያ ካነሰ ለመግቢያ ያገለግላችኋል፤ ድርሰት ለመጻፍ ግን አይበቃም። ሙሉው ቅጂ በጉተንበርግ ፕሮጀክት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ስለሚገኝ አውርዶ በስልክም ማንበብ ይቻላል። ፊልሞቹን ማየት ከፈለጋችሁ አንብባችሁ ስትጨርሱ ተመልከቷቸው። በ1968 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የወጣው ዝነኛው የሙዚቃ ፊልም የሌባ ልጆቹን አለቃ ፌጊንን በነጻ ይለቀዋል፣ በኦሊቨር ላይ የሚያሤረውን ሞንክስን ደግሞ ጨርሶ አውጥቶታል። በመጽሐፉ ውስጥ ፌጊን ይሰቀላል፤ ያለ ሞንክስም ሴራው አይቆምም።

ሙሉ ቅጂዎችም ሁሉም አንድ አይደሉም። ልቦለዱ መጀመሪያ የወጣው «ቤንትሊስ ሚሴላኒ» በተባለ ወርኃዊ መጽሔት ላይ ነው፤ ከፌብሩዋሪ 1837 እስከ ኤፕሪል 1839 በ24 ክፍሎች። ለየክፍሉ ጆርጅ ክሩክሻንክ አንድ አንድ ሥዕል ሠርቶለታል። ተከታታዩ ሳያልቅ በኖቬምበር 1838 በሦስት ቅጽ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ለንባባችን ትልቅ ለውጥ የመጣው ግን በ1867 ነው። ኤሊዛ ዴቪስ የተባለች አይሁዳዊት ሴት በ1863 ለዲከንስ ጽፋ፣ የፌጊን አሣሣል በሕዝቧ ላይ የደረሰ በደል መሆኑን ነገረችው። ዲከንስ መጀመሪያ ተከራከራት፤ በኋላ ግን ለአዲሱ እትም ፌጊን በስሙ ሳይሆን «አይሁዳዊው» እየተባለ የተጠራባቸውን ብዙ ቦታዎች አወጣ። የመጀመሪያዎቹ 38 ምዕራፎች ፊደላቸው ለኅትመት አስቀድሞ ተለቅሞ ስለነበር እርማቱ በአብዛኛው የነካው ከዚያ በኋላ ያሉትን ነው። የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ምዕራፍ 52ን ክፈቱ። ርዕሱ የመጨረሻውን ሌሊት «የአይሁዳዊው» ካለው የድሮው ጽሑፍ ነው፤ «የፌጊን» ካለው የታረመው ነው። በድርሰታችሁ ላይ የጥሪውን ብዛት የምትቆጥሩ ከሆነ ይህን ሳታጣሩ አትቁጠሩ።

ለንባብ ፍጥነት እኔ የምመክረው በሥራ ቀን ሁለት ሁለት ምዕራፍ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለማስታወሻ ነው። በዚህ አካሄድ አምስት ሳምንት ተኩል አካባቢ ይወስዳል። ከዚያ በላይ መሮጥ አያዋጣም፤ መጽሐፉ ወር እየጠበቁ ለሚያነቡ ሰዎች ስለተጻፈ በየጥቂት ምዕራፉ አንባቢን አንጠልጥሎ ይተዋል። በደንብ ቆም ማለት የሚያስፈልገው ምዕራፍ 2፣ 11፣ 22፣ 38 እና 47 ሲያልቁ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው ከ32 እስከ 36 ባለው ላይ ነው፤ ኦሊቨር ገጠር ሄዶ ያርፋል፣ አበባ ይለቅማል፣ ታሪኩም ይቀዘቅዛል። እነዚህን በፍጥነት ብታልፏቸው የሚጎድልባችሁ ጥቂት ነው። ምዕራፍ 24፣ 26፣ 37 እና 38ን ግን አትዝለሉ፤ የምሥጢሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። አሳዛኙና አስቂኙ ለምን እንደሚፈራረቅ ግራ ከገባችሁ ምዕራፍ 17 መግቢያ ላይ ደራሲው ራሱ ያብራራዋል።

ከታሪክ በኩል አጥብቆ መያዝ የሚያስፈልገው አንድ ሕግ ነው፤ የ1834ቱ የድሆች ሕግ ማሻሻያ። ከዚያ በፊት አጥቢያው ለድሃው እቤቱ እያለ ገንዘብም ዳቦም ሊሰጠው ይችል ነበር። አዲሱ ሕግ አጥቢያዎችን በማኅበር አሰባሰበ፣ በየማኅበሩ ቦርድ አቋቋመ፤ ጉልበት ያለው ድሃ የሚረዳው ወርክሃውስ የሚባለው ቤት ሲገባ ብቻ እንዲሆንም ታሰበ። የዚያ ቤት ኑሮ ሆን ተብሎ ከዝቅተኛው የቀን ሠራተኛ ኑሮ እንዲከፋ ተወሰነ፤ ሰው ወዶ እንዳይገባበት። ባልና ሚስት ይለያያሉ፣ ልጆችም ከወላጆቻቸው ይነጠላሉ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ሸክም ደግሞ በእናትየው ላይ እንዲወድቅ ተደረገ። የኦሊቨር እናት ጣቷ ላይ ቀለበት ሳይታይ ወልዳ ስትሞት፣ ሐኪሙ እጇን ከፍ አድርጎ አይቶ «ያው የተለመደው ታሪክ» የሚለው በዚህ ዓለም ውስጥ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ወርክሃውስ በ1834 የተፈጠረ ማስመሰል ነው፤ ቤቶቹ ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ዲከንስም የድሮውን የአጥቢያ አሠራርና አዲሱን ቦርድ አንድ ላይ ቀላቅሎ ነው የሚመታቸው። ሁለተኛው የደራሲውን ሕይወት አለቦታው ማስገባት ነው። ዲከንስ በ1824፣ በ12 ዓመቱ፣ አባቱ በዕዳ ማርሻልሲ እስር ቤት ሲገባ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ ብልቃጦች ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ነበር። አብረውት ይሠሩ ከነበሩ ልጆች የአንዱ ስም ቦብ ፌጊን ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ሕዝብ ያወቀው ደራሲው በ1870 ካረፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «የዘመኑ አንባቢ የደራሲውን መከራ በኦሊቨር ውስጥ አየ» ብሎ መጻፍ ዋጋ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ምዕራፍ 2። ይህን ምዕራፍ እርሳስ ይዞ ሁለት ጊዜ ያነበበ ሰው ሌላውን መጽሐፍ በግማሽ ድካም ይወጣዋል። ቦርዱ ከውኃ ድርጅት ጋር ወሰን የሌለው ውኃ እንዲቀርብ ይዋዋላል፤ ከእህል ነጋዴ ጋር ደግሞ ጥቂት ጥቂት የአጃ ዱቄት። ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ ቀጭን አጥሚት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ሽንኩርት፣ እሑድ ግማሽ ዳቦ ይታዘዛል። አጥሚት ሲባል ለአራስ በቅቤና በማር የሚሠራውን አታስቡ፤ ይህኛው ውኃው የሚበዛ ነው። ልጆቹ ሳህኑን በማንኪያ እየጠረጉ ስለሚያበሩት መታጠብ አያስፈልገውም ይላል ተራኪው። ቦርዱን «ጥልቅ፣ አስተዋይ ፈላስፎች» ይላቸዋል፤ ድሃውንም «ማንንም አያስገድዱም» ይላል፤ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ወይም ውጭ ቶሎ በረሃብ መሞት ምርጫው የራሱ ነው።

ምፀቱን ለመያዝ ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው መንገድ ሰምና ወርቅ ነው፤ ግን ልዩነቱን ካልያዛችሁ ያሳስታል። በቅኔ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይሸከማል። በዲከንስ ቃሉ ፍቺው አንድ ነው፤ የሚናገረው ግን ባለሥልጣኑን መስሎ ነው። «አስተዋይ» ማለት አስተዋይ ነው፤ ይህን የሚያምነው ግን ቦርዱ ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በየምስጋናው ቃል ጠርዝ ላይ «ማን ነው እንዲህ የሚለው?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱ ቦርዱ ወይም የአጥቢያው ሹም ባምብል ከሆነ ምፀት ነው። ኦሊቨርን የምታስጠጋው ደግ ወጣት ሮዝ ሜይሊ ስትመሰገን ግን ተራኪው የምሩን ነው፤ እዚያ ምፀት መፈለግ ስሕተት ነው።

ስለ ዝነኛዋ ጥያቄም አንድ ነገር ልበል። «እባክዎን ጌታዬ፣ ይጨመርልኝ» ስትባል ብዙ ተማሪ ኦሊቨርን ዓመፀኛ ያደርገዋል። ጽሑፉ እንዲህ አይልም። ከልጆቹ አንዱ፣ ለዕድሜው ረዘም ያለው፣ አንድ ሳህን ካልተጨመረለት ሌሊት አጠገቡ የሚተኛውን ልጅ እንዳይበላው እንደሚፈራ ይናገራል፤ ልጆቹም ዕጣ ይጣጣላሉ፤ ዕጣው በኦሊቨር ላይ ይወጣል። የሚለምነው ለሁሉም ተልኮ ነው። ነጭ ሰደርያ የለበሰው የቦርድ አባል ያኔ «ይህ ልጅ ይሰቀላል» ብሎ ይተነብያል። ይህን ምልክት አድርጋችሁ ያዙት፤ በመጨረሻ ገመድ አንገቱ የሚገባው ማን እንደሆነ ምዕራፍ 50 እና 52 ላይ ታገኙታላችሁ።

አሁን ዋናው ሥራ። በማስታወሻ ደብተራችሁ አንድ ገጽ ለገንዘብ ብቻ መድቡ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ 12 ፔኒ፣ ስለዚህ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ። አንድ ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው። ከዚያ ኦሊቨርን የሚነካ ገንዘብ ባያችሁ ቁጥር ምዕራፉን፣ መጠኑንና ሰጪውን ጻፉ። መጽሐፉ ሁሉ በዚህ ክር ይጠቀለላል ብዬ በሙሉ ልብ የምናገረው ይህን ገጽ ሞልቶ ያየ ሰው ስለማይስተው ነው።

ምዕራፍ 2 ላይ የአጥቢያውን ሕፃናት የምታሳድገው ሚስስ ማን ለአንድ ሕፃን ቀለብ በሳምንት ሰባት ፔኒ ተኩል ትቀበላለች፤ አብዛኛውን ለራሷ ታስቀራለች። ኦሊቨር አጥሚት እንዲጨመርለት ከጠየቀ በኋላ ወስዶ ለሚገላግላቸው 5 ፓውንድ እንደሚሰጥ በር ላይ ይለጠፋል። 5 ፓውንድ 1,200 ፔኒ ነው፤ ለሰባት ተኩል ስታካፍሉት 160 ሳምንት ይወጣል። ቦርዱ ልጁን ላለማየት የሚከፍለው የሦስት ዓመት ቀለቡን ነው። ምዕራፍ 3 ላይ የጭስ ማውጫ ጠራጊው ጋምፊልድ ሊወስደው ሲመጣ ቦርዱ ሥራው ቆሻሻ መሆኑን ጠቅሶ ዋጋውን ይቀንሳል፤ በ3 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ይስማማሉ። ልጅ በጭስ ማውጫ ውስጥ ታፍኖ እንደሚሞት እየተነገራቸው የተከራከሩት በዋጋ ነው። ኦሊቨር የሚተርፈው ዓይኑ የደከመ ዳኛ የቀለም ዕቃውን ሲፈልግ ድንገት የልጁን የፈራ ፊት ስላየ ነው።

ምዕራፍ 14 ላይ ልጁን ቤታቸው ያስጠጉት ሽማግሌ ሚስተር ብራውንሎው ኦሊቨርን ወደ መጽሐፍ ሻጩ ይልኩታል። ዕዳው 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ነው፤ የሚሰጡት ኖት የ5 ፓውንድ ነው፤ 10 ሺሊንግ መልስ ያመጣል። መጠኑን ተመልከቱት። አጥቢያው እሱን ለማባረር የመደበውን ያንኑ 5 ፓውንድ፣ እኚህ ሰው አምነው ኪሱ ውስጥ ይከቱለታል። ጓደኛቸው ግሪምዊግ አዲስ ልብስ፣ ውድ መጻሕፍትና ገንዘብ ይዞ ከሄደ አይመለስም ይላሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰዓቱን መሃል አድርገው ይጠብቃሉ። ምዕራፍ 17 ላይ ብራውንሎው የጠፋውን ልጅ ወሬ ለሚያመጣ 5 ጊኒ እንደሚሰጡ በጋዜጣ ያሳውቃሉ። ባምብል ያንን አንብቦ ይመጣል፤ የልጁን ስም አጥፍቶ ገንዘቡን ይቀበላል፤ መልካም ቢናገር ኖሮ ሦስት እጥፍ ይከፈለው እንደነበረ ሲነገረው ይቆጨዋል። ምዕራፍ 26 ላይ ልጁ ለፌጊን የመቶዎች ፓውንድ ዋጋ አለው። ምዕራፍ 38 ላይ የባምብል ሚስት የእናቱን መታወቂያ ለሞንክስ በ25 ፓውንድ ወርቅ ትሸጣለች። ይህ ደግሞ 6,000 ፔኒ፣ የ800 ሳምንት ቀለብ ነው። የተሸጠው ትንሽ የአንገት ጌጥ ነው፤ ውስጡ ሁለት የፀጉር ዘለላና ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ላይ «አግነስ» ተቀርጾ ለአባት ስም የተተወው ቦታ ባዶ ነው። ሞንክስ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። ምዕራፍ 53 ላይ ከአባቱ ሀብት የተረፈው ለኦሊቨርና ለሞንክስ እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው ከ3,000 ፓውንድ ትንሽ በለጥ ያለ ይደርሳቸዋል፤ በኑዛዜው ግን ሁሉም የኦሊቨር ሊሆን ይችል ነበር።

ኑዛዜውን ያልተረዳ ሰው የሞንክስ ክፋት ምክንያት የለሽ ይመስለዋል። ምዕራፍ 49 እና 51ን ከማንበባችሁ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ የዘር ሐረግ ጀምሩ። ኤድዊን ሊፎርድ ያለፍቅር ከተጋባት ሚስቱ ኤድዋርድን ይወልዳል፤ ሞንክስ የሚባለው እሱ ነው። ከአግነስ ፍሌሚንግ ደግሞ ኦሊቨርን። ሮዝ የአግነስ ታናሽ እህት፣ ማለትም የኦሊቨር አክስት ናት። ብራውንሎው የኤድዊን የቀድሞ ወዳጅ ናቸው። ኑዛዜው ልጁ ወንድ ከሆነ፣ ለአካለ መጠን ሳይደርስ ስሙን በአደባባይ ነውር ካላጎደፈ ብቻ እንዲወርስ ያዛል። ኑዛዜውን የሞንክስ እናት አቃጥላዋለች፤ ሞንክስ ግን ልጁ በወንጀል ተበክሎ እንዲቀር ለፌጊን ይከፍላል። በእርግጥ ኦሊቨር የመጀመሪያው ስርቆት ላይ የአባቱን ወዳጅ፣ ሁለተኛው ላይ የአክስቱን ቤት ማግኘቱ ለማመን ይከብዳል፤ ይህን እንደ ድክመት መጻፍ ትችላላችሁ፤ ማስረጃውም ከባድ አይደለም።

የለንደን ካርታ አጠገባችሁ ይሁን። ኦሊቨር ከሰባት ቀን ጉዞ በኋላ ባርኔት ይደርሳል፤ ከፌጊን ልጆች አንዱ የሆነው ጃክ ዶውኪንስ ጨለማ ሲሆን ጠብቆ በኢዝሊንግተን በኩል ወደ ሳፍሮን ሂል ያስገባዋል። የብራውንሎው ፔንተንቪል ከዚያ በእግር የሚደረስበት ነው። መጻሕፍቱን ይዞ ሲሄድ ክለርከንዌል ውስጥ በስሕተት ወደ ጎን መንገድ ሲታጠፍ የፌጊን ግብረ አበሮች ናንሲና ሳይክስ የሚይዙት በዚህ ቅርበት የተነሳ ነው። የምቾቱና የወንጀሉ ሰፈር ጎረቤት መሆናቸውን ካርታው በአንድ እይታ ያሳያችኋል። ሳይክስ የሚሞትበት ጃኮብስ አይላንድ ደግሞ ከቴምዝ ማዶ በርመንድዚ ነው። የሌቦቹ አነጋገር ካስቸገራችሁ ኦሊቨርን ተከተሉ፤ እሱም ስለማይገባው ምዕራፍ 8 እና 18 ላይ ያስረዱታል።

ስለ ፌጊን ስትጽፉ ሁለቱንም ያዙ። ቀይ ፀጉሩና ረጅም ሹካው ከድሮው የሰይጣን ሥዕል የተወሰዱ ናቸው፤ ጥላቻው በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ «የዘመኑ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የዘመኑ ሰው ኤሊዛ ዴቪስ ተቃውማዋለች። በሌላ በኩል ኦሊቨር ለንደን ሲገባ ቋሊማ ጠብሶ የሚያበላው ፌጊን ነው። ሕጉ አስርቦት ሌባው አጠገበው። ስለ ድህነትና ወንጀል ግንኙነት ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የምፈልገው ከምዕራፍ 5 ብቻ ነው፦ ሚስቱ በረሃብ የሞተችበት ሰው ለእሷ መንገድ ላይ ሲለምን ተይዞ መታሰሩን የሚናገርበት ቦታ።

ኦሊቨር ራሱ ለድርሰት አስቸጋሪ ነው። ወርክሃውስ ውስጥ አድጎ እንደ ጨዋ ልጅ ይናገራል፣ ምንም አይበክለውም። ዲከንስ በ1841 መቅድሙ ላይ ደግነት በክፉ ነገር ሁሉ ውስጥ አልፎ ሲተርፍ ማሳየት እንደፈለገ ጽፏል፤ ስለዚህ ልጁን እንደ እውነተኛ ልጅ ሳይሆን እንደዚያ ሐሳብ መርምሩት። «አካባቢ ሰውን ያበላሻል» የሚለውን ጭብጥ የምትጽፉ ከሆነ ማስረጃችሁ ኦሊቨር ሊሆን አይችልም፤ ያፈርስባችኋል። ናንሲን ያዙ።

የናንሲን ሞት፣ ምዕራፍ 47ን፣ ለብቻው አታንብቡ። 40ን እና 46ን አስቀድማችሁ በአንድ ቁጭታ አንብቧቸው። ምዕራፍ 40 ላይ ሮዝ ገንዘብ ስትሰጣት አንዲት ፔኒ አልወስድም ትላለች። ምዕራፍ 46 ላይ በለንደን ድልድይ እንደገና ቦርሳ ሲቀርብላት፣ ይህን ያደረግሁት ለገንዘብ አይደለም፣ ያን እያሰብኩ ልኑርበት ብላ ትመልሳለች፤ የምትጠይቀው ሮዝ የለበሰችውን ጓንት ወይም መሐረብ ነው። የገንዘብ ገጻችሁን መለስ ብላችሁ ስታዩ፣ በልጁ ነገር የቀረበለትን ገንዘብ ሁለት ጊዜ የመለሰ ሌላ ስም አታገኙበትም። መሐረብንም ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ተከተሉ፦ ምዕራፍ 9 ላይ ልጆቹ በጨዋታ ይሰርቁታል፤ ምዕራፍ 10 ላይ ከብራውንሎው ኪስ ይወጣል፤ ምዕራፍ 26 ላይ ፊልድ ሌን ውስጥ የተሰረቀው ሁሉ ለሽያጭ ተሰቅሏል። በመጽሐፉ ውስጥ በስጦታ የሚተላለፈው መሐረብ የናንሲ ነው፤ ምዕራፍ 47 ላይ በእጇ ይዛ ወደ ላይ የምታነሣውም እሱን ነው። ድርሰታችሁ ላይ ከሦስቱ ምዕራፎች ከሦስት እስከ ስድስት ቃል የሚሆን አንዳንድ ጥቅስ ይበቃል፤ ረጅም ጥቅስ ገልብጦ ማብራሪያውን ማሳጠር ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡበት ዋናው ቦታ ነው።